የፖሊስ መበለትና የጡረታ አበሏ

የጡረታ አበል ለሠራተኛው ብቻ የሚከፈል የድካም ዋጋ ነው ወይስ ኑሮውን አብራው ለተካፈለችው ሚስቱም የሚደርስ? ይህ ጥያቄ በብሪታንያ ፖሊሶችና የእሳት አደጋ ተከላካዮች ዘንድ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል። መልሱም በአንድ ጊዜ የተገኘ አይደለም።

ሮበርት ፒል እ.ኤ.አ. በ1829 የሎንዶንን ፖሊስ ካቋቋመ በኋላ ለብዙ ዓመታት ጡረታ በአለቆች ፈቃድ የሚወሰን ነበር። የ1890ው ሕግ 25 ዓመት ላገለገለ ፖሊስ ጡረታን መብት አደረገለት። ለሚስቱ ግን አበል የተፈቀደው በሥራ ላይ በደረሰበት ጉዳት የሞተ እንደሆነ ነው። ጡረታ ወጥቶ በዕድሜ ወይም በበሽታ ቢሞት አበሉ አብሮት ይቀበር ነበር። መበለቲቱ የምታገኘው ነገር ቢኖር በበላዮች በጎ ፈቃድ የሚሰጥ ዳረጎት ብቻ ነው።

ይህ አሠራር ከሌላው ሠራተኛ ሚስት ይልቅ የፖሊስን ሚስት ይበልጥ ይጎዳ ነበር። በብዙ የፖሊስ ክፍሎች ደንብ መሠረት ፖሊስ ለማግባት የአለቃው ፈቃድ ያስፈልገው ነበር፤ ሚስቱም ሱቅ ከፍታ እንድትነግድ አይፈቀድላትም። እንግዲህ ባሏ በሕይወት ሳለ በደንቡ ታስራ የኖረችው ሴት፣ ባሏ ሲሞት ደንቡ አያውቃትም ማለት ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የኑሮ ውድነት ሲበረታ ምሬቱ ገነፈለ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 30 ቀን 1918 ወደ 12,000 የሚጠጉ የሎንዶን ፖሊሶች ሥራ አቆሙ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅ በማግስቱ ከተወካዮቻቸው ጋር ተስማሙ። ደመወዝ በሳምንት 13 ሺሊንግ ተጨምሮ ዝቅተኛው 43 ሺሊንግ ሆነ፤ ለመበለቶችም የጡረታ አበል ተፈቀደ።

ይሁን እንጂ ድሉ ያለ ዋጋ አልቀረም። በ1919 የፖሊስ ማኅበሩ በሕግ ሲታገድ በሎንዶንና በሊቨርፑል ጭምር ሁለተኛ አድማ ተነሣ። በዚህ አድማ የተካፈሉት ከ2,000 በላይ ፖሊሶች ከሥራ ተባረሩ፤ የጡረታ መብታቸውንም አጡ። ቅጣቱ ያረፈው በእነርሱ ላይ ብቻ ሳይሆን ተስፋቸውን በዚያው አበል ላይ በጣሉት ሚስቶቻቸውም ላይ ነው። በ1921 የወጣው የፖሊስ ጡረታ ሕግ በሥራ ላይ ለቀሩት ፖሊሶችና ለመበለቶቻቸው አበሉን በመላ አገሪቱ አጸና። በ1925 ደግሞ ለእሳት አደጋ ተከላካዮች የጡረታ ሕግ ወጣ።

ይህም ሆኖ መብቱ ገደብ ነበረው። በ1987ቱ የፖሊስና በ1992ቱ የእሳት አደጋ ተከላካዮች የጡረታ ደንቦች መሠረት መበለቲቱ በመደበኛው የባሏን አበል ግማሽ ታገኛለች። ነገር ግን ሌላ ባል ብታገባ አበሉ ይቋረጥ ነበር። በ1987ቱ የፖሊስ ደንብ፣ ባሏን ያገባችው ጡረታ ከወጣ በኋላ ከሆነም የሚታሰብላት እርሱ ከኤፕሪል 1978 ወዲህ የሰጠው አገልግሎት ብቻ ነው። ስለዚህ አንዳንዶቹ ወይ ብቸኝነትን ወይ ችግርን ለመምረጥ ተገደዱ።

በ2006 ለአዲስ ገቢዎች የወጡት ደንቦች አበሉን እስከ ዕድሜ ልክ አደረጉት። በእንግሊዝና በዌልስ በ2015 የተደረገው ማሻሻያ ደግሞ በአሮጌው ደንብ ሥር ለነበሩት እንደገና የማግባትን ነፃነት ሰጠ። ሆኖም ማሻሻያው ያቀፈው ባሎቻቸው በግዳጅ ላይ የሞቱባቸውን ነው፤ ባሏ በጡረታ ዘመኑ በአልጋው ላይ የሞተባት አልተካተተችም። በ1890 የተሰመረው መስመር ከ125 ዓመት በኋላም አልጠፋም ነበር።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አበሉ ባልና ሚስት አብረው ለከፈሉት የአገልግሎት ዘመን የተሰጠ ዋጋ ከሆነ፣ የባል አሟሟትም ሆነ የመበለቲቱ የኋላ ኑሮ ሊቀንሰው አይገባም። ችሮታ ከሆነ ግን ሰጪው የፈለገውን ገደብ ሊያበጅለት ይችላል። የጡረታ ሕግ የሚያረቅ ሁሉ አስቀድሞ መለየት ያለበት ይህንኑ ነው።