«ክርስቲያን» የሚለውን ስም ማን አወጣው? ከአንጾኪያ እስከ ቆቦ

እስቲ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚወስደውን ጎዳና ይዛችሁ፣ ወልዲያን አልፋችሁ ቆቦ ደርሳችኋል እንበል። ርቧችኋል፤ ጥብስ አምሯችኋል። ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ነገር ማወቅ ግድ ይላችኋል፦ ሥጋው «የክርስቲያን» ነው ወይስ «የእስላም»? በብዙ የወሎ ከተሞች መስቀል የተሳለበት ሥጋ ቤት ለአንዱ ነው፤ ጨረቃና ኮከብ የተሳለበት ደግሞ ለሌላው። እዚህ ላይ «ክርስቲያን» የሚለው ቃል ስለ ነፍስ መዳን አያወራም። በሬው በማን እጅ፣ በምን ጸሎት ታረደ የሚለውን ነው የሚነግረን።

አሁን ደግሞ ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። አንዱ የሰፈር ልጅ «እከሊት እኮ ክርስቲያን ሆነች!» ካለ ጴንጤ ሆነች ማለቱ ነው። ይህን የምትሰማ የራያ እናት ብትኖር ግራ ይገባታል። «ምነው ልጄ፣ ድሮስ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና አልተነሳችም እንዴ?» ትላለች። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ቃሉም አንድ ነው። ግን አይግባቡም።

እኛም ይቺን ነገር ስናወጣና ስናወርድ ቆየን። ይህ ስም የማን ነው? መጀመሪያስ ማን አወጣው? ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ሁለት ሺህ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ሊኖርብን ነው።

ስሙ ሲወጣ

አንጾኪያ ዛሬ አንታክያ ትባላለች፤ በደቡብ ቱርክ ናት፤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 በመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ የፈራረሰችው ከተማ እሷ ናት። በሐዋርያት ዘመን ግን ከሮምና ከእስክንድርያ ቀጥላ የምትጠራ፣ ግሪኩም ሶርያዊውም አይሁዱም ሮማዊውም የሚተረማመስባት ታላቅ የንግድ ከተማ ነበረች። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 11 እንደሚተርከው በርናባስ ጳውሎስን (ያኔ ሳውል) ከጠርሴስ አምጥቶት አንድ ዓመት ሙሉ አብረው አስተማሩ። ደቀ መዛሙርቱም «ክርስቲያን» የሚል ስም መጀመሪያ የወጣላቸው እዚያው ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. በ40ዎቹ አካባቢ ይሆናል።

ልብ በሉ፦ ወጣላቸው ነው ያልነው፤ አወጡ አላልንም። ራሳቸውንማ የሚጠሩባቸው ስሞች ነበሯቸው፦ ወንድሞች፣ ደቀ መዛሙርት፣ አማኞች፣ ቅዱሳን፣ የ«መንገዱ» ሰዎች። አይሁድም ክርስቲያን ብለው አይጠሯቸውም፤ «ክርስቶስ» ማለት መሲሕ፣ የተቀባ ማለት ነውና እንዲህ ብሎ መጥራት የኢየሱስን መሲሕነት መቀበል ይመስላል። እነሱ «ናዝራውያን» ነበር የሚሏቸው። እንግዲህ የቀረው የአንጾኪያ የውጭ ሰው ነው፦ ገበያተኛው፣ ወታደሩ፣ የመንግሥት ጸሐፊው።

የቃሉ አሠራርም ይህንኑ ይመሰክራል። «ክርስቶስ» ግሪክ ነው፤ መጨረሻ ላይ የተለጠፈው «ኢያን» ግን የላቲን ቅጥያ ነው፤ የእከሌ ወገን፣ የእከሌ ተከታይ ማለት። የሄሮድስ ደጋፊዎች የተጠሩበት ስም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። በእኛ አገር «የደጃች እከሌ ሰው» እንደሚባለው መሆኑ ነው። የከተማው ሰው እነዚህ ሰዎች ጠዋት ማታ ስለ አንድ ክርስቶስ ስለሚባል ሰው ሲያወሩ ሰማና «የክርስቶስ ሰዎች» አላቸው። በቃ። አንጾኪያ ደግሞ ስም በማውጣትና በማላገጥ የታወቀች ከተማ ናት። ከ300 ዓመት በኋላ ንጉሠ ነገሥት ዩልያኖስ እዚያ ሲከርም በጢሙ ስለተሳለቁበት እሱም ብሶት የተሞላ የሽሙጥ ጽሑፍ ጽፎ መልሶላቸዋል!

ሌላም ማስረጃ አለ። በአዲስ ኪዳን ውስጥ «ክርስቲያን» የሚለው ስም የሚገኘው 3 ጊዜ ብቻ ነው። አንዱ ይኸው የአንጾኪያው ነው። ሁለተኛው ንጉሥ አግሪጳ ታስሮ ለቀረበው ለጳውሎስ የተናገረው ነው። ሦስተኛው በ1ኛ ጴጥሮስ መልእክት ውስጥ ሲሆን ክርስቲያን ተብሎ መከራ የሚቀበል ሰው እንዳያፍር የሚመክር ነው። በሦስቱም ቦታ ስሙ ከውጭ ሰው አፍ ወይም ከመከራ ጋር ተያይዞ ነው የሚመጣው።

ስም ብቻውን ወንጀል ሲሆን

እ.ኤ.አ. በ64 ሮም ስትቃጠል ንጉሠ ነገሥት ኔሮን ጥፋቱን በእነዚህ ሰዎች ላይ ላከከ። ታሪክ ጸሐፊው ታኪቱስ ይህን ሲተርክ ሕዝቡ «ክርስቲያኖች» ብሎ የሚጠራቸው ሰዎች ይላቸዋል። ስሙን ያወጣው ሕዝቡ ነው ማለት ነው። ብዙዎች ደግሞ ስሙን አጣርተው አይሰሙትም ነበር። በግሪክ «ክሬስቶስ» ማለት ደግ፣ ጠቃሚ ማለት ነው፤ ለባሮች የሚወጣ የተለመደ ስም ነበር። ስዌቶኒዮስ የተባለው ጸሐፊ በቀላውዴዎስ ዘመን «ክሬስቶስ» የሚባል ሰው አይሁድን በሮም እንዳነሳሳ አድርጎ መዝግቧል። ተርቱሊያኖስም እ.ኤ.አ. በ197 ገደማ ሮማውያንን «ስማችንን አጣማችሁ ስትጠሩት እንኳ ደግነት ማለት ነው የሚሆነው» በሚል መንፈስ ተሟግቷቸዋል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የፕሊኒዮስ ደብዳቤ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ112 ገደማ ዛሬ ሰሜን ቱርክ በሆነችው በቢታንያ አገረ ገዥ ነበር። ክርስቲያን ናቸው ተብለው የተከሰሱ ሰዎች ሲቀርቡለት ግራ ገባውና ለንጉሠ ነገሥት ትራያኖስ ጻፈ። የጥያቄው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ የምንቀጣው ስሙን ብቻ ነው ወይስ ከስሙ ጋር የተያያዘ ወንጀል መኖር አለበት? እስከዚያው ድረስ ሲሠራበት የነበረውንም ገለጸ። ክርስቲያን ነህ ወይ ብሎ 3 ጊዜ ይጠይቃል፤ «አዎ» ብሎ የጸናውን ያስገድላል፤ የሮም ዜጋ ከሆነ ወደ ሮም ይልከዋል። የካደውን በንጉሡ ምስል ፊት እጣንና ወይን አስቀርቦ፣ ክርስቶስን አስረግሞ ይለቀዋል። ትራያኖስም መለሰ፦ እየዞራችሁ አታድኗቸው፤ ስም የሌለበት ጥቆማም አትቀበሉ፤ ተከሰው ከጸኑ ግን ይቀጡ።

እንግዲህ አስቡት። የሌባ ፍርድ በተሰረቀው ዕቃ ነው፤ የነፍሰ ገዳይ ፍርድ በሬሳው ነው። የእነዚህ ሰዎች ፍርድ ግን በአንዲት ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ177 በዛሬዋ ፈረንሳይ ሊዮን ከተማ የተሰቃየው ዲያቆን ሳንክቱስ ስሙን ቢጠይቁት፣ አገሩን ቢጠይቁት፣ ባሪያ ነህ ጨዋ ቢሉት መልሱ አንድ ብቻ ነበር፦ ክርስቲያን ነኝ። ለማላገጥ የወጣው ስም በመቶ ዓመት ውስጥ ሰው የሚሞትለት ስም ሆነ። ያ የጢሙ ነገር ያበሳጨው ዩልያኖስ (እ.ኤ.አ. ከ361 እስከ 363 የነገሠው) ይህ ሳይገባው አልቀረም፤ አማኞቹን ሆን ብሎ «ገሊላውያን» ይላቸው ነበር። ስሙ ክብር መሆኑን ስላወቀ ነፈጋቸው።

ግዕዝ ምን አደረገው?

ሃይማኖቱ በ4ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ኢዛና ዘመን አክሱም ቤተ መንግሥት ሲገባ ስሙም አብሮ ገባ። ዐረብኛ፣ የግዕዝ የቅርብ ዘመድ ሆኖ ሳለ፣ «ነሷራ» የሚለውን ይዟል፤ የራያ ሙስሊም ቁርኣን ሲቀራ የሚያገኘው ይህንኑ ነው። ግዕዝ ግን የአንጾኪያውን የግሪክ ስም ወሰደ። የመጀመሪያው ጳጳስ ፍሬምናጦስ ከጢሮስ የመጣ ግሪክ አዋቂ፣ የተሾመውም በእስክንድርያ መሆኑን ስናስብ አይገርመንም።

ከዚያ ግን አገራችን በቃሉ የራሷን ሥራ ሠራችበት። ግሪኩ «ኤክሌሲያ» ሲል የተጠራ ጉባኤ ማለቱ ነው። የእንግሊዝኛው «ቸርች» ሥሩ «የጌታ» የሚል ነው። የእኛው ግን «ቤተ ክርስቲያን» ነው፤ የክርስቲያን ቤት። ሕንጻውን በሰዎቹ ስም ጠራነው። «ክርስትና»ንም ሁለት ሥራ ሰጠነው፦ ሃይማኖቱም ክርስትና ነው፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን የሚጠመቁበት ሥርዓትም ክርስትና ነው። ያን ቀን ሕፃኑ ሌላ ስም ይቀበላል፦ ወልደ፣ ገብረ፣ ወለተ፣ አመተ እየተባለ። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ በቀበሌ በሌላ ስም ሲጠራ ኖሮ ፍትሐቱ ላይ የሚነሳው በዚያ ስሙ ነው። ስም ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። ከሶዶ ጉራጌ ዘንድ ብትሄዱማ ሕዝቡ ራሱን «ክስታኔ» ይላል፤ ክርስቲያን ማለት ነው። የሃይማኖቱ ስም የሕዝብ ስም ሆኗል።

ቦሩ ሜዳ፦ የስሙ ትርጉም አገር ሲያምስ

አሁን ወደ ወሎ እንመለስ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው ያለው። «ክርስቶስ» ማለት የተቀባ ማለት ነው ብለናል። እሺ፣ ማን ቀባው? በምን ተቀባ? መቀባቱስ ምን አደረገለት? ይህ ጥያቄ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የኢትዮጵያን ሊቃውንት ለሦስት ከፈላቸው። አንዱ ወገን በቅብዐት ከበረ አለ፤ «ቅባት» ተባለ። ሌላው ወገን በጸጋ ብሎ ሦስተኛ ልደት ቆጠረ፤ «ጸጋ» ወይም «ሦስት ልደት» ተባለ። ሌላው ደግሞ በተዋሕዶ ከበረ አለ። እነዚህንም ተቃዋሚዎቻቸው «ካራ» አሏቸው፤ ሦስተኛውን ልደት ቆረጡ ለማለት። የአንጾኪያ ልማድ እኛም ዘንድ ነበረ ማለት ነው!

ነገሩ በግንቦት 1870 ዓ.ም. ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ ተቋጨ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ጉባኤውን ጠሩ፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ነበሩ። ተዋሕዶ ረታ፤ ሌላው ተወገዘ። እዚያው ላይ ግን ሌላ ነገርም ተወሰነ። የወሎ ሙስሊም ሹማምንት ወይ ይጠመቁ ወይ ሹመታቸውን ይተዉ ተባለ። መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸው አፄ ዮሐንስ ሆኑ። አመዴ ሊበን (አባ ዋጠው) ኃይለ ማርያም ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸው ምኒልክ ሆኑ። ቀጥሎ ተራው የሕዝቡ ሆነ። ያልተቀበሉት እነ ሼህ ጦልሃ ጃፈር ለተቃውሞ ተነሱ፤ ብዙው ተሰደደ፤ «ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም» የተባለውም ጥቂት አልነበረም።

ልዩነቱን እናስተውል። በቢታንያ አገረ ገዥው «አይደለሁም በል» እያለ ነበር የሚያስገድደው። በወሎ ደግሞ «ነኝ በል» ተባለ። ሁለቱም አንድ ስህተት ይጋራሉ፤ ስሙን ከሰውየው አፍ በጉልበት ማውጣት ወይም ማስገባት ይቻላል ብለዋል። ራስ ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ሆኑ፤ አብያተ ክርስቲያናትም አሠሩ። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ግን መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ዋናው ክስ «ሰልሟል» የሚል ነበር። ከ38 ዓመት በኋላም የስም ጉዳይ ዙፋን ይገለብጥ ነበር።

የወሎና የራያ ሰው ከዚህ ሁሉ ምን ተረፈው? በአንድ ሰው ሙሉ ስም ውስጥ ሰይድና ገብሬ ተከታትለው የሚመጡበት ቤተሰብ ተረፈው። አክስት በጾመ ፍልሰታ፣ አጎት በረመዳን የሚጾሙበት ቤት ተረፈው። ሠርግ ላይ ሁለት ዓይነት ሥጋ፣ በሁለት ድስት የሚሠራበት ወግ ተረፈው። ሥጋው ይለያያል፤ ዳሱ አንድ ነው።

ዛሬስ?

ስም ሁሉ ግን እንደ አንጾኪያው አይሆንም። ቤተ እስራኤሎች «ፈላሻ» የሚለውን ስም አልተቀበሉትም፤ መብታቸውም ነው። «ጴንጤ» ግን ተቃራኒው ነው። ስድብ ሆኖ ጀመረ፤ በደርግ ዘመን «መጤ ሃይማኖት» እየተባለ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋበት፣ ሰው ታሰረበት፤ ዛሬ ብዙዎቹ ራሳቸው እየሳቁ ይጠሩበታል። በዚያው ልክ «ክርስቲያን» የሚለውን ለራሳቸው ብቻ ሲያደርጉት ኦርቶዶክሱ ይቆጣል። ኦርቶዶክሱም ስሙን ለእሱ ሲነፍገው ጴንጤው ይቆጣል። ፌስቡክ ላይ ያለውን ጦርነት ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም።

የእኛ ሐሳብ እንዲህ ነው። ሁለቱም ወገን ስሙን የራሱ ርስት አድርጎ ሲሟገት አንድ ነገር ይረሳል፤ ስሙን ያወጣው ከሁለቱም አይደለም። ያወጣው ከማያምነው ጎረቤት ነው፤ ያወጣውም መታወቂያ አይቶ ሳይሆን ሰዎቹ ቀን ከሌት ስለ ማን እንደሚያወሩ፣ እንዴት እንደሚኖሩ አይቶ ነው። ቆቦ ላይ ያ ጎረቤት ሙስሊሙ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ማንም ሊሆን ይችላል። እና ጥያቄያችን ይቺ ናት፦ ያ ጎረቤት ዛሬ የምናወራውን ሰምቶ፣ የምንጽፈውን አንብቦ አዲስ ስም ያውጣላችሁ ቢባል፣ የማን ሰዎች ይለን ይሆን?

መልሱን ለየራሳችሁ ትተናል። ቸር ይግጠመን!