ከትንሹ ሞተር ላይ የተነሳው

የሳር ማጨጃ ማሽን ሲገዛ አብሮ የሚሰጠውን ትንሽ የመመሪያ መጽሐፍ የሚያነብ ጥቂት ነው። ያነበበም የሚያገኘው የትእዛዝ መዓት ነው፦ ዘይቱ በየ50 ሰዓቱ ይቀየር፣ የአየር ፊልትሮው ይጽዳ፣ ካንዴላው በየዓመቱ ይታይ፣ ማሽኑ ለወራት ከመቀመጡ በፊት ቤንዚኑ ይውጣ። አብዛኛው ሰው ይህን የሚያየው እንደ ባለቤቱ ጸባይ መለኪያ ነው፤ የተከተለ ጠንቃቃ፣ የረሳ ዝርክርክ። እኔ ግን ዝርዝሩን እንደ ታሪክ ሰነድ ማንበብ ይሻላል እላለሁ። በመኪና ሞተር ውስጥ ፓምፕ፣ ማጣሪያና ባትሪ የሚሠሩት ሥራ አለ። ሞተሩ በእጅ የሚገፋ ወይም በትከሻ የሚንጠለጠል እንዲሆን ተብሎ እነዚህ ዕቃዎች ሲነሱ ሥራቸው አብሮ አልተነሳም፤ ወደ ገዢው ዞረ። የጥገናው ዝርዝር የዚያ ዝውውር መዝገብ ነው።

ነገሩ ከመነሻው እንዲህ አልነበረም (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ኤድዊን በዲንግ በ1830 በእንግሊዝ፣ ግሎስተርሻየር ውስጥ የመጀመሪያውን የሳር ማጨጃ ሲያስመዘግብ ሐሳቡን የወሰደው በጨርቅ ፋብሪካ የሱፍ ጨርቅን ጭገር ከሚላጭ መሣሪያ ነበር። ሞተር የለውም፤ ስለቱን መሳልና መሽከርከሪያውን ዘይት መቀባት ይበቃዋል። ትልልቆቹን ማጨጃዎች የሚጎትተው ፈረስ ነበር፤ ኮቴው ሳሩን እንዳይጎዳም የቆዳ ጫማ ይደረግለታል። በ1902 የኢፕስዊቹ ራንሶምስ በቤንዚን የሚሠራ ማጨጃ ለገበያ ሲያወጣም ማሽኑ ከባድ ነበር፤ የሚገዛውም የሰፊ ግቢ ጌታ ወይም የስፖርት ሜዳ እንጂ ተራ ነዋሪ አልነበረም። እንዲህ ያለ ግቢ ደሞዝ የሚከፈለው አትክልተኛ አለው። ጥገናው የሠራተኛው ሥራ ስለነበር ማን ያድርገው የሚል ጥያቄ አልነበረም።

ጥያቄው የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ከ1947 ጀምሮ በኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ የተገነባው ሌቪታውን ከ17,000 በላይ ቤቶች ነበሩት፤ እያንዳንዱም የራሱ ሳር። የቤቱ ውል ነዋሪው ከኤፕሪል 15 እስከ ኖቬምበር 15 ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ሳሩን እንዲያጭድ ያስገድድ ነበር። አትክልተኛ መቅጠር የማይችል፣ ሳሩንም መተው የማይፈቀድለት ሰው በሺህ የሚቆጠር ሆነ ማለት ነው። ለእሱ የሚሆን ሞተር ቀላልና ርካሽ መሆን ነበረበት። በ1953 የሚልዋኪው ብሪግስ ኤንድ ስትራተን የብረቱን ሞተር በአሉሚኒየም ተካው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በሲድኒ ሜርቪን ቪክተር ሪቻርድሰን በኋላ ቪክታ የተባለውን ማጨጃ በጓሮው ሠርቷል፤ የመጀመሪያው ማሽን ቤንዚን መያዣ ባዶ የኮክ ጣሳ ነበር። ጣሳው የዘመኑን መንፈስ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ ይናገራል፤ መቅረት የሚችል ሁሉ ይቅር።

ምን ቀረ? የቪክታ ዓይነቱ ባለ ሁለት ምት ሞተር መሠረት በ1891 ጆሴፍ ዴይ የሠራው ንድፍ ነው፤ የሞተሩ የሚንቀሳቀሱ ዋና ክፍሎች ሦስት ብቻ ናቸው፣ ቫልቭም የለውም። ፒስተኑ ሲወርድ ከሥሩ ያለውን አየርና ነዳጅ እየገፋ ወደ ላይ ይልካል። ከፒስተኑ ሥር ያለው ቦታ ራሱ ፓምፕ ስለሆነ የዘይት ኮፓ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ መግባት አለበት። ስለዚህ ባለቤቱ የዘይት ፓምፕ ሆነ። በድሮው 16 ለ1 ለአንድ ሊትር ቤንዚን 62 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት ይፈልግ ነበር፤ በዛሬው 50 ለ1 ደግሞ 20 ሚሊ ሊትር። ከረሳ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይነክሳል፤ ካበዛ ካንዴላው ጠቁሮና ዘይት ጠጥቶ ይወጣል። ባለ አራት ምቱ ኮፓ አለው፣ ግን አብዛኛው የሳር ማጨጃ የዘይት ፓምፕም የዘይት ፊልትሮም የለውም። በውስጡ ያለች ትንሽ ማንኪያ መሰል ክፍል እየዞረች ዘይቱን ትረጨዋለች። የብረት ብናኙን የሚይዝ ነገር ስለሌለ ብናኙ እዚያው ይዞራል። 50 ሰዓት ማለት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና 3,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ፊልትሮ ለሌለው ሞተር እንዲያውም ቸር ቀጠሮ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ግልጽ ነው፤ ማሽኑ የሚበላሸው ባለቤቱ ስለማይጠብቀው ነው፣ ምክንያት አትፈልግለት ይባላል። ጥገና የሚሠሩ ሰዎች ይህን ቢሉ አልፈርድባቸውም፣ የሚያዩት እሱን ነው። ነገር ግን የሌቪታውን ውል ሰባት ወር ካጨደ በኋላ አምስት ወር ለሚቆም ማሽን የተጻፈ ነበር፤ ይህን ሞተር ደግሞ ከሥራው ይልቅ መቀመጡ ይገድለዋል። ቤንዚኑ እየተነነ በካርቡሬተሩ ቀዳዳ ውስጥ ሙጫ ይተዋል፤ በማንኛውም አቅጣጫ የሚያዙ ማሽኖች ነዳጅ የሚስቡበት ስስ ጎማ እንደ ደረቀ ቆዳ ይጠጥራል። ኢታኖል ሲጨመርበት ውሃ ስለሚስብ ይብሳል። እኛም ዘንድ በ2008 አዲስ አበባ ላይ ቤንዚንን ከስኳር ፋብሪካ ኢታኖል ጋር መቀላቀል ተጀምሮ ነበር፤ በየቀኑ ለሚቀዳ ታክሲ ይህ ምንም አይደለም፣ ክረምት ጠብቆ ለሚነሳ ማጨጃ ግን ነገር ነው። የነዳጁን ውህደት ባለቤቱ አልመረጠም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ጥገናው እየቀነሰ መጥቷል፣ ስለዚህ አምራቾቹ ሸክም አሸጋገሩ ማለት ትክክል አይደለም ይባላል። እውነት ነው፣ የካንዴላውን ብልጭታ የምትቆጣጠረውን ፑንቲና በአሸዋ ወረቀት ማጽዳት የቀረው በኤሌክትሮኒክስ የሚለኩስ ሞተር ሲመጣ ነው። ግን ይህ ክርክሬን ይደግፋል፤ ትእዛዙ የተሰረዘው አምራቹ ዕቃውን ሲመልስ ነው። የማይሰረዝበትም ጊዜ አለ። ሆንዳ በ1990ዎቹ መጨረሻ በማንኛውም አቅጣጫ የሚሠራ ትንሽ ባለ አራት ምት ሞተር ሲያወጣ ዘይት መቀላቀል ቀረ፤ በምትኩ የቫልቮቹን ክፍተት መለካት መጣ።

በነዚህ ሁሉ ዓመታት ማንም ያልጠየቀው አንድ ሂሳብ ነበረ። ቫልቭ የሌለው ባለ ሁለት ምት ሞተር ከሚቀዳው ነዳጅ ሩብ ያህሉን ሳያነድ በማርሚታው ሊያወጣ ይችላል፤ ይህን ማንም ባለቤት በጥገና ማስተካከል አይችልም። የአሜሪካ መንግሥት ከ1997 ሞዴሎች ጀምሮ በጭሱ ላይ ገደብ ጣለ፤ ካሊፎርኒያ ደግሞ በ2021 ባወጣው ሕግ ከ2024 ሞዴሎች ጀምሮ አብዛኞቹ አዳዲስ የአትክልት ማሽኖች ጭስ አልባ እንዲሆኑ ወሰነ። ጭስ አልባው የባትሪ ማጨጃ መመሪያ ስለ ዘይትም ስለ ካንዴላም አይናገርም። ባትሪው ሲደክም ግን ባለቤቱ በአንድ የካንዴላ መፍቻ ከፍቶ የሚያየው ነገር የለም፤ ሙሉ ሳጥኑን ይገዛል።