ከኩላሊት ዕጢ ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ ለፑኝዶ ታካሚ የትንበያ ቀመር ምን ያህል ይታመናል?

ፑኝዶ በጋምቤላ ክልል አኙዋ ዞን የምትገኝ፣ ከሱዳን የተሰደዱ ሰዎች የተጠለሉባት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። እዚያ ኩላሊቱ ላይ ዕጢ የተጠረጠረበት ሰው ሪፈር ተጽፎለት ሲመጣ የሚያስጨንቀው ዕጢው ብቻ አይደለም፤ የሚቀረው ኩላሊት ይበቃው እንደሆነም ማወቅ ይፈልጋል። ከፑኝዶ ተነሥቶ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ለዲያሊሲስ መመላለስ የማይታሰብ ነውና ጥያቄው ከግምት የተሻለ መልስ ይገባዋል።

የክሊቭላንድ ክሊኒክ ሐኪሞች በ2021 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ቀመር ከቀዶ ሕክምና በኋላ ኩላሊት ደም የሚያጣራበትን መጠን ይተነብያል፤ ወረቀትና እርሳስ ይበቃዋል። መነሻው 35 ነው፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የነበረው የማጣራት መጠን በ0.65 ተባዝቶ ይደመርበታል። ኩላሊቱ ሙሉ በሙሉ ከወጣ 18፣ ስኳር በሽታ ካለ 2፣ በተጨማሪም የዕድሜው ሩብ ይቀነሳል። ዕጢው ከ7 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ግን 3 ይደመራል። ይህ እንግዳ ቢመስልም ምክንያት አለው፤ ትልቅ ዕጢ የያዘው ኩላሊት ቀድሞውኑ ስለደከመ ጤነኛው ሸክሙን መልመድ ጀምሯል።

ለምሳሌ ዕድሜው 50 የሆነ፣ ስኳር የሌለበት፣ ዕጢው 8 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ሰው እናስብ። የማጣራት መጠኑ በደቂቃ 90 ሚሊ ሊትር ነው ተብሏል። ኩላሊቱ ሲወጣ ቀመሩ 66 ይሰጣል፤ አሳሳቢ መሆን ከሚጀምርበት ከ60 በላይ ነውና ሐኪሙም ቤተሰቡም እፎይ ይላሉ። ግን 90 የተባለው ከየት መጣ? ኩላሊት ከሚያጣራው፣ በደም ውስጥ ካለው ክሪያቲኒን ነው። ክሪያቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ነው፤ ለዓመታት በራሽን የኖረና በሕመሙ የከሳ ሰው ጡንቻው ስለሚያንስ ክሪያቲኒኑ ዝቅ ይላል፤ ኩላሊቱም ከእውነቱ የበረታ መስሎ ይታያል። ትክክለኛው መጠን 70 ቢሆን ያው ቀመር 53 ይላል። እፎይታው መሠረት አልነበረውም ማለት ነው።

ስጋቱ የወረቀት ላይ ብቻ አይደለም። በማላዊ፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ አዮሄክሶል በተባለ ንጥረ ነገር በቀጥታ የተለካ የማጣራት መጠን ከክሪያቲኒን ግምቱ ጋር ሲነጻጸር፣ ክሪያቲኒን የኩላሊትን ብቃት አጋንኖ እንደሚያሳይ በ2022 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት አመልክቷል። ክሪያቲኒንን ወደ ማጣራት መጠን የሚለውጠው፣ በ2009 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሌላ ቀመር ደግሞ «ጥቁር» ለተባለ ታካሚ ውጤቱን በ1.159 ያባዛ ነበር፤ ማባዣው በ2021 (እ.ኤ.አ.) ቀርቷል። አሮጌውን ለፑኝዶ ሰው መጠቀም በስህተት ላይ ስህተት መደረብ ነው ብዬ አምናለሁ። ሲስታቲን ሲ የተባለው የደም ምርመራ በጡንቻ ብዙም ስለማይዛባ ይመረጣል። እሱ ካልተገኘ የ24 ሰዓት ሽንት ማጠራቀም ይቻላል፤ ታካሚውን ያሰለቻል፣ ውጤቱም ጥቂት ከፍ ይላል፤ የጡንቻ ማነስ ግን እንደ ደም ምርመራው አያሳስተውም።

ከዕጢው ሌላ የኩላሊት በሽታ መኖሩን ሊጠቁም ስለሚችል የሽንት ፕሮቲንም መታየት አለበት። በ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የጋምቤላ የኤችአይቪ ሥርጭት 4.8 በመቶ ሲሆን የአገሪቱ 0.9 በመቶ ነበር። ቫይረሱ ራሱ ኩላሊትን ይጎዳል፤ የኤችአይቪ መድኃኒት የሆነው ቴኖፎቪርም በአንዳንድ ታካሚዎች ላይ እንዲሁ። በቀዶ ሕክምና ብቻ የቀነሰ የኩላሊት ብቃት አብዛኛውን ጊዜ ባለበት ይረጋል፤ ከሥሩ ሌላ በሽታ ካለ ግን ማሽቆልቆሉ ይቀጥላል። ይህን ልዩነት ቀመሩ አያየውም።

ስለዚህ ታካሚው ይዞት የሚመለሰው ወረቀት ላይ ከክሪያቲኒኑና ከቀኑ ጎን ክብደቱ ሊጻፍ ይገባል። ዕጢው ወጥቶለት ምግብ ሲስማማው ጡንቻው ይመለሳል፤ ክሪያቲኒኑም አብሮ ይጨምራል። ከስድስት ወር በኋላ ውጤቱን የሚያይ የጤና ባለሙያ የቀድሞው ክብደት ካልተጻፈለት፣ ማገገሙን የኩላሊት መድከም አድርጎ ሊያነበው ይችላል።