ከአየር ጤና ጓሮ የወጣችው ታቃፊ

የሐበሻ ዶሮን ጉድለት የሚዘረዝር የእርባታ መመሪያ አንድ ክስ አይረሳም፦ ትታቀፋለች። ክሱ በቁጥር የተደገፈ ነው። ጓሮ ለጓሮ ጭራ የምትኖር ዶሮ 20 ቀን ገደማ ትጥላለች፣ 21 ቀን ትታቀፋለች፣ ከዚያ 56 ቀን ያህል ጫጩቶቿን አስከትላ ትዞራለች። ከ97 ቀን ውስጥ 77ቱን አንድም እንቁላል አይገኝባትም ማለት ነው። በዓመት የምትሰጠው ከ30 እስከ 60 ሲሆን፣ በደንብ የተያዘች ቦቫንስ ብራውን የተባለችው የውጭ ዝርያ ግን ከ250 ታልፋለች። ይህን ያየ ባለሙያ ታቃፊነትን እንደ በሽታ ቢቆጥረው አይፈረድበትም። እኔ ግን ክሱ የሚቆጥረው ግማሹን ሒሳብ ብቻ ነው እላለሁ። መታቀፍ የድሮው ጓሮ መፈልፈያ ነበር፤ የጓሮው እመቤትም ሲያሻት ታስታቅፋለች፣ ሳያሻት ታስተዋለች። ዛሬ እንደ አዲስ አበባው አየር ጤና ካሉ ሰፈሮች ታቃፊ ዶሮ እየጠፋች ከሆነ፣ ጥፋቷ ተገኝቶ ሳይሆን የምትታቀፍበት ስለጠፋ ነው።

ዶሮ ወደዚህ አገር የገባችው ትናንት አይደለም። ትግራይ ውስጥ መዝብር በተባለ ጥንታዊ መንደር በቁፋሮ የተገኙ የዶሮ አጥንቶች ከአክሱም መንግሥት በፊት የነበሩ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከ2500 ዓመት ይበልጣል። በዚያ ሁሉ ዘመን ጫጩት የሚሞቀው በእናቱ ደረት ነበር። ግብፅ ሌላ መንገድ ይዛ ነበር፤ በጭቃ በተሠሩ ምድጃዎች በእበት እሳት እያሞቁ እጅግ ብዙ እንቁላል በአንዴ ይፈለፍሉ ነበር፤ እንቁላል በፍግ ሙቀት መፈልፈላቸውን አርስጣጣሊስ ሳይቀር ጠቅሶታል። ልዩነቱ በዶሮዎቹ ላይ ይታያል። ወደ እኛም አገር የመጣችው የግብፅ ፋዩሚ የመታቀፍ ፍላጎቷ ደካማ ነው፤ ምድጃው ስለሚፈለፍልላት ባትታቀፍም ዘሯ አይጠፋም። የሐበሻ ዶሮ ግን ካልታቀፈች ዘር አትተካም። ስለዚህ በእሷ ላይ የምናየው ባሕርይ የስንፍና ውጤት ሳይሆን ሌላ መፈልፈያ በሌለበት ቤት ለብዙ መቶ ትውልድ የተካሄደ ምርጫ ነው።

ምርጫው ደግሞ የተፈጥሮ ብቻ አልነበረም። የገጠር ዶሮ እርባታን ያጠኑ እንደ ዶክተር ታደለ ደሴ ያሉ ተመራማሪዎች የመዘገቡት የቤት ውስጥ ጥበብ ሁለት ወገን አለው። አንዱ ማስታቀፍ ነው፦ ሰውነቷ ሰፋ ያለውን፣ ባለፈው ጊዜም ጫጩቶቿን በደህና ያሳደገችውን ዶሮ መምረጥ፣ እንቁላሉን ቀዝቀዝ ባለ እህል ውስጥ ቀብሮ ማቆየት፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፈውን ለይቶ ማውጣት፣ ጭድ በተጎዘጎዘ ቅርጫት ወይም ገል ላይ አሥር አሥራ ሦስቱን ከሥሯ ማድረግ። ሌላው ማስተው ነው፦ ዶሮዋን ለጥቂት ቀን ጎረቤት ቤት መስደድ፣ ውኃ ውስጥ መንከር፣ ቁልቁል ማንጠልጠል፣ ላባ ነቅሎ በአፍንጫዋ ቀዳዳ ማሳለፍ። ይህን «የድሮ ጭካኔ» ብሎ የሚያልፍ አለ። ስለ ላባውና ስለ ማንጠልጠሉ ክርክር የለኝም፤ ጭካኔ ነው። ጎረቤት መስደዱ ግን ሌላ ነገር ነው። ዶሮን የሚያስታቅፋት ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ሲሆን፣ ከፍ ብሎ የሚቆየው ደረቷ ጎጆውንና እንቁላሉን ሲነካ ነው። ከጎጆዋ ስትለይ ሆርሞኑ ይወርዳል፤ ቀናት ቆይቶ መጣል ትጀምራለች። ዘመናዊው አርቢ ታቃፊዋን ወለሉ ሽቦ በሆነ ሣጥን ውስጥ ሲያስቀምጣት የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ የጎረቤቷ ግቢ ሽቦ ሳይገዛ ያንኑ ይሠራል።

መቼ ይታቀፍ፣ መቼ ይተው የሚለውም በዘፈቀደ የሚወሰን አይደለም። በሁዳዴ 55 ቀን እንቁላል ገዢ ያጣል፤ አየር ጤና ባለበት በኮልፌ ሙስሊሙ ብዙ ቢሆንም የከተማውን የእንቁላል ዋጋ የሚጎትተው ጾሙ ነው። የረከሰ እንቁላል ከሥሯ የሚደረግበት ጊዜ ይኸው ነው። በየካቲት የታቀፈች ዶሮ በመጋቢት ትፈለፍላለች፤ የሐበሻ አውራ ደግሞ ለመታረድ ስድስት ወር ገደማ ይፈልጋል፤ መስከረም ላይ እንቁጣጣሽ ይቀበለዋል ማለት ነው። ክሱን የሚያቀርበው ባለሙያ የሚቆጥረው ያልተጣለውን እንቁላል ብቻ ነው። እኔ ደግሞ የወጣውን ዶሮ ልቁጠር። ከ13 እንቁላል 10 ያህሉ ቢፈለፈልና ከጫጩቶቹ ግማሹ ቢሞት 5 ዶሮ ይቀራል፤ አንድ የሐበሻ ዶሮ ገበያ ላይ በእንቁላል ቢመነዘር ደግሞ ብዙ ደርዘን ነው። ያለ መኖ፣ በጥሬና በትል የምትኖር ዶሮ በ77ቱ ቀን ሳትቋረጥ ብትጥል እንኳ ከ50 አታልፍም፤ ሰውነቷ ግን ያን አይችልም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው።

የጫጩቱ ሞት ግን ቀላል ተቃውሞ አይደለም፤ ግማሹ የሚያልቅበትን ሥርዓት ማወደስም አይቻልም። ሆኖም ገዳዩ ፈንግል ነው፣ ጭልፊት ነው፣ ብርድ ነው። ለፈንግል ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ክትባት ያመርታል። ጫጩቱን ከጭልፊት የምትከላከለው፣ ከብርድም በክንፏ የምታሞቀው ያችው የምትከሰሰው እናት ናት።

ታዲያ ከአየር ጤና ምን አስወጣት? ሰፈሩ በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ በኩል ነው፤ የጅማ መንገድ በመካከሉ ያልፋል፤ ከወልቂጤና ከወሊሶ የሚመጣ ዶሮም በዚያው ይገባል። የከተማ ቦታን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ለአንድ ቤተሰብ የመኖሪያ ቤት ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር ፈቅዶ ነበር፤ ያ ለጓሮም፣ ለጎመንም፣ ለጫጩትም የሚበቃ ስፋት ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ አዲስ አበባ በኮንዶሚኒየም ወደ ላይ ስታድግ ጫጩት የሚጭርበት መሬት ጠበበ። በሌላ በኩል፣ በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ በኩል እነ ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ የተባሉ የውጭ ዝርያዎች ከገቡበት ጊዜ የጀመረው መንገድ ወደ ማሽን መፈልፈያ አደረሰ፤ አሁን ሰው የሚገዛው በዘመናዊ እርባታ ጣቢያ ለሳምንታት ያደገ ጫጩት ነው። በኅዳር 2015 የተጀመረው የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብርም ይህንኑ አስፋፋው። ይህን አልቃወምም፤ በጠባብ ግቢ እንቁላል የምትጥል ዶሮ ከምንም ትሻላለች።

ግን አንድ ነገር ተሰወረ። ታቃፊ የምትፈለፍለው አውራ የነካውን እንቁላል ነው፤ በከተማ ግቢ ደግሞ ቀድሞ የሚታረደው አውራው ነው። አንዲት የአየር ጤና እመቤት ዛሬ አልነሳም ብላ ጎጆዋ ላይ ጉብ ያለች የሐበሻ ዶሮ ቢኖራት ከሱቅ ደርዘን እንቁላል ገዝታ ከሥሯ ልታደርግላት ትችላለች፤ ያ እንቁላል የመጣው አውራ ከማያውቁ የኬጅ ዶሮዎች ነው፤ ዶሮዋ 21 ቀን ታቅፋ ትከሳለች፣ የሚሰነጠቅ ቅርፊት ግን የለም። ከዚያ በኋላ ጎረቤቶቿ ጥፋተኛ የሚሏት ዶሮዋን ነው።