ከአፕግሬድ በኋላ የኔትወርክ አይከኑ ጠፋ? ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ዛሬ ሊኑክስ ለምትጠቀሙ፣ ወይም ለመጀመር ለምታስቡ፣ ሴቭ አድርጋችሁ የምታስቀምጡት ጽሑፍ ይዘን መጥተናል።

ነገሩ የደረሰው በራሳችን ላይ ነው። ለገጹ ሥራ የምንጠቀምበት ላፕቶፕ ላይ ማታ አፕግሬድ አስጀምረን ተኛን። ጠዋት ስንከፍተው ሁሉም ነገር በቦታው አለ፤ ጥግ ላይ የነበረችው የዋይፋይ ምልክት ግን የለችም። «የምንጫነው ነገር ከሌለ ኔትወርክም የለም» ብለን ደመደምን። ብሮውዘር ከፍተን እንኳን አልሞከርንም። ላፕቶፑን ተሸክመን አንድ ጥገና ቤት ሄድን፤ ባለሙያው ሁለት ደቂቃ አየት አደረገውና «ፎርማት ነው የሚያስፈልገው» አለን። ውስጡ የሦስት ወር የቃለ መጠይቅ ቅጂ አለ፤ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ኮፒ የለንም።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ፋይሎቻችንን እናውጣ» ብለን ወደ ቤት መለስነው። ፍላሽ ሰክተን ኮፒ እያደረግን ሳለ ከላፕቶፑ የቴሌግራም ድምፅ ተሰማ። መልእክት ገባ! ተያየን። ኢንተርኔቱ ጠዋትም ማታም እየሠራ ነበር። የጠፋችው ምልክቷ ብቻ ነች። እሷም በአንድ መስመር ትዕዛዝ ተመለሰች።

ለዚህ ነው ይህን የምንጽፈው። አምፖል ተቃጠለ ማለት መብራት ሄደ ማለት አይደለም።

አይከኑ እና ኔትወርኩ አንድ አይደሉም

ሊኑክስ ዴስክቶፕ ላይ ኔትወርክ በሦስት ደረጃ ነው የሚሠራው።

የመጀመሪያው ድራይቨር ነው። የዋይፋይ ካርዱን ከከርነሉ፣ ማለትም ከሲስተሙ እምብርት ጋር ያገናኛል። ብዙ ካርዶች ፈርምዌር የሚባል ተጨማሪ ፋይልም ይፈልጋሉ።

ሁለተኛው ኔትወርክማናጀር ይባላል። ሬድ ሃት እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው ፕሮግራም ሲሆን ዛሬ ኡቡንቱ፣ ፌዶራ፣ ሊኑክስ ሚንት እና ሌሎችም ዴስክቶፖች ይጠቀሙበታል። ከጀርባ ሆኖ የይለፍ ቃላችሁን ያስታውሳል፣ ከዋይፋዩ ጋር ያገናኛችኋል። ራሱ አይታይም።

ሦስተኛው እናንተ የምታዩት አይከን ነው። ሥራው የኔትወርክማናጀርን ሁኔታ ማሳየት እና የእናንተን ትዕዛዝ ለእሱ ማድረስ ነው። እሱ ቢጠፋም ሁለቱ ሥራቸውን ሊቀጥሉ ይችላሉ።

አፕግሬድ ሦስቱንም ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው «አይከኑን እንዴት ልመልስ?» ሳይሆን «ከሦስቱ የቱ ነው የተበላሸው?» ነው። ይህን ለማወቅ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ስለ ትዕዛዞቹ አንድ ነገር

ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ አድርገን ነው የጻፍናቸው። ተርሚናል ላይ ስትጽፏቸው ግን በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ነው። ተርሚናሉ በአብዛኛው ኮንትሮል፣ ኦልት እና ቲን አንድ ላይ ስትጫኑ ይከፈታል። «ሱዶ» የሚል ካያችሁ ኤስ፣ ዩ፣ ዲ፣ ኦ ማለት ነው፤ በአስተዳዳሪ ሥልጣን አድርግልኝ እንደማለት። የይለፍ ቃል ሲጠይቃችሁ ስትጽፉ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፤ አትደንግጡ፣ ጽፋችሁ ኢንተር በሉት።

ደረጃ 1፦ ኢንተርኔቱ አለ ወይስ የለም?

መጀመሪያ ብሮውዘር ክፈቱና የትኛውንም ገጽ ሞክሩ። ከተከፈተ አበቃ፣ የጎደለው አይከኑ ብቻ ነው፤ በቀጥታ ወደ ደረጃ 3 እለፉ።

ካልተከፈተ ተርሚናል ላይ «ፒንግ 8.8.8.8» ብላችሁ ጻፉ። መልስ ደጋግሞ ከመጣ ግንኙነቱ አለ፤ ችግሩ የድረ ገጽ ስሞችን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ ጋ ነው። ለማቆም ኮንትሮል እና ሲን ተጫኑ።

ደረጃ 2፦ ኔትወርክማናጀርን ጠይቁት

ኤን፣ ኤም፣ ሲ፣ ኤል፣ አይ ብላችሁ አንድ ላይ ጻፉ፤ ክፍት ቦታ ተዉና «ዲቫይስ» የሚለውን ቃል ጨምሩ። የኔትወርክ ካርዶቻችሁ ዝርዝር ከነሁኔታቸው ይመጣል። መልሱን እንዲህ አንብቡት፦

«ኮኔክትድ» ካለ ተገናኝቷል። አይከኑ ብቻ ነው የጠፋው። ወደ ደረጃ 3።

«ዲስኮኔክትድ» ካለ ካርዱ ደህና ነው፤ ከየትኛውም ዋይፋይ ጋር አልተገናኘም ማለት ነው። አይከን ሳያስፈልጋችሁ መገናኘት ትችላላችሁ። ኤን፣ ኤም፣ ቲ፣ ዩ፣ አይ ብላችሁ ጻፉ። በቀስት ቁልፎች የምትመሩት ቀለል ያለ ሜኑ ይከፈታል፤ ዋይፋዩን መርጣችሁ የይለፍ ቃሉን ታስገባላችሁ።

«አንአቬይለብል» ካለ ዋይፋዩ ተዘግቷል ወይም ፈርምዌሩ ጎድሏል። «አርኤፍኪል ሊስት» የሚለውን ሞክሩ፤ የመጀመሪያው ቃል አር፣ ኤፍ፣ ኬ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤል ተብሎ ይጻፋል። «ሶፍት ብሎክድ» አጠገብ «የስ» ካለ «ሱዶ አርኤፍኪል አንብሎክ ዋይፋይ» ይከፍተዋል። «ሃርድ ብሎክድ» አጠገብ «የስ» ካለ ግን ትዕዛዝ አይፈታውም፤ ላፕቶፑ ጎን ላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ወይም ኪቦርዱ ላይ የአውሮፕላን ሥዕል ያለበትን ቁልፍ ፈልጉ።

«አንማኔጅድ» ካለ ኔትወርክማናጀር ካርዱን ያየዋል፣ ግን «የእኔ ኃላፊነት አይደለም» ብሎ ትቶታል። ዴቢያን ላይ ይህ የሚመጣው ካርዱ «ኢንተርፌስስ» በሚባል የቆየ ፋይል ውስጥ ሲመዘገብ ነው። ፋይሉ የሚገኘው ኢ፣ ቲ፣ ሲ በሚባለው ፎልደር ሥር፣ ኔትወርክ የሚለው ውስጥ ነው። መጀመሪያ ኮፒውን አስቀምጡ፤ ከዚያ ካርዳችሁን የሚጠቅሱት መስመሮች መጀመሪያ ላይ የሃሽ ምልክት አድርጉ። ኤል እና ኦ ተብሎ የተጻፈውን ክፍል አትንኩ። ኡቡንቱ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ እዚያው ኢ፣ ቲ፣ ሲ ሥር ኔትፕላን የሚለውን ፎልደር እዩ፤ «ሬንደረር» የሚለው መስመር ፊት ለፊት «ኔትወርክማናጀር» መባል አለበት። ከዚያ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉት።

ዋይፋዩ ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ ከሌለ ድራይቨሩ አልተነሳም። ይህ አዲስ ከርነል ሲገባ ይከሰታል፤ በተለይ አንዳንድ የብሮድኮም ካርዶች ለየከርነሉ እንደገና የሚሠራ ድራይቨር ስለሚፈልጉ። ኮምፒውተሩን ስታስነሱ ሺፍት ወይም እስኬፕን ተጫኑ፤ በሚመጣው ሜኑ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብታችሁ የቀድሞውን ከርነል ምረጡ። በእሱ ዋይፋዩ ከሠራ ጥፋቱ የአዲሱ ከርነል ድራይቨር ነው። በአሮጌው ሆናችሁ ኢንተርኔት አገኛችሁ ማለትም ነው፤ ድራይቨሩን እንደገና ጫኑ።

ወደ ዴቢያን 12 ለሚሻገሩ፦ ከዚህ ስሪት ጀምሮ፣ ማለትም ከሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ነፃ ያልሆኑ ፈርምዌሮች ለብቻቸው በተለየ ክፍል ተቀምጠዋል። የሶርስ ዝርዝራችሁ ላይ «ነን-ፍሪ-ፈርምዌር» የሚለው ካልተጨመረ ፈርምዌራችሁ አብሮ አይሻሻልም።

«ኔትወርክማናጀር እየሠራ አይደለም» የሚል መልስ ከመጣ «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ኔትወርክማናጀር» በሉት። እዚህ ጋ ኤን እና ኤም ትልልቅ ፊደል ናቸው። ከተነሳ በኋላ በየቀኑ እንዲነሳ «ሪስታርት» የነበረውን በ«ኢኔብል» ተክታችሁ ድገሙት። «ማስክድ» የሚል ካመጣ በ«አንማስክ» ይፈታል። እንዲህ የሚባል ሰርቪስ አላገኘሁም ካለ ግን አፕግሬዱ ፕሮግራሙን አስወግዶታል፤ እንደገና መጫን አለበት።

ደረጃ 3፦ አይከኑን መመለስ

ይህ በምትጠቀሙት ዴስክቶፕ ይለያያል።

ኤክስኤፍሲኢ፦ አይከኑን የሚያመጣው ኤንኤም-አፕሌት የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው። ኦልት እና ኤፍ2 ተጫኑና ኤን፣ ኤም፣ ሰረዝ፣ አፕሌት ብላችሁ ጻፉ። አይከኑ ብቅ ካለ ጨረሳችሁ፤ የእኛም መፍትሔ ይህ ነበር። በየቀኑ ራሱ እንዲነሳ ሴቲንግ ውስጥ «ሴሽን ኤንድ ስታርትአፕ» ገብታችሁ ምልክት አድርጉበት። ብቅ ካላለ ደግሞ ፓነሉን እዩት። በ4.16 ስሪት፣ በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. በወጣው፣ ለየብቻ የነበሩት ሁለት የአይከን ማሳያዎች «ስታተስ ትሬይ» በሚል በአንድ ተጠቃለዋል። ከአሮጌ ስሪት ስትመጡ ፓነሉ ላይ ላይኖር ይችላል፤ ፓነሉን በቀኝ ተጭናችሁ ጨምሩት።

ማቴ፦ ፓነሉን በቀኝ ተጫኑ፣ «አድ ቱ ፓነል» በሉ፣ «ኖቲፊኬሽን ኤሪያ»ን ጨምሩ። እሱ ከሌለ አፕሌቱ ቢሠራም የሚቀመጥበት ቦታ የለውም።

ሲናሞን፦ ፓነሉን በቀኝ ተጭናችሁ «አፕሌትስ» ውስጥ የኔትወርኩን ፈልጉና ጨምሩት።

ኬዲኢ ፕላዝማ፦ ከሰዓቱ አጠገብ ያለችውን ቀስት መጀመሪያ ተጫኑ፤ አይከኑ እዚያ ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ከሌለ የሲስተም ትሬይ ሴቲንግ ውስጥ «ኔትወርክስ» የሚለውን ሁልጊዜ እንዲታይ አድርጉት። ዝርዝሩም ውስጥ ከሌለ ፕላዝማ-ኤንኤም የሚባለው ፓኬጅ ተነስቷል ማለት ነው፤ መልሳችሁ ጫኑት።

ኖም (የኡቡንቱ ዋናው ዴስክቶፕ)፦ እዚህ አይከኑ የዴስክቶፑ አካል ስለሆነ ለብቻው የሚጫን አፕሌት የለም። ጠፍቶ ካያችሁት አብዛኛውን ጊዜ ኔትወርክማናጀር አልተነሳም ወይም ካርዱ አልታየም፤ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ። ከዚያ ሎግ አውት ብላችሁ ግቡ።

አፕሌቱ ራሱ ከተወገደ በኡቡንቱ፣ በሚንት እና በዴቢያን «ኔትወርክ-ማናጀር-ኖም» የሚባለውን ፓኬጅ ጫኑ፤ «ኖም» ሲጻፍ ጂ፣ ኤን፣ ኦ፣ ኤም፣ ኢ ነው። በፌዶራ ስሙ «ኔትወርክ-ማናጀር-አፕሌት» ነው።

«ለመጫንስ ኢንተርኔት የለኝ!»

መፍትሔው ኪሳችሁ ውስጥ ነው። የአንድሮይድ ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙ። ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ሆትስፖት እና ቴተሪንግ የሚለው ጋ ገብታችሁ «ዩኤስቢ ቴተሪንግ»ን አብሩ። ሊኑክስ ስልኩን እንደ ኬብል ኔትወርክ ነው የሚያየው፤ የዋይፋይ ድራይቨሩ ቢበላሽም ይሠራል። አንድ ደስ የሚል ነገር ደግሞ አለ፦ አብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች ዋይፋይ ላይ ካሉ ያንኑ ዋይፋይ በገመዱ ያስተላልፋሉ። ፓኬጃችሁ አይነካም። ዋይፋይ ላይ ካልሆናችሁ ግን ከዳታችሁ ነው የሚቆረጠው፤ ቀሪ ሂሳባችሁን አይታችሁ ጀምሩ።

ኔትወርክማናጀር ከጠፋ ገመዱን መሰካት ብቻ አይበቃም፤ አድራሻ የሚቀበልላችሁ ሌላ ያስፈልጋል። «አይፒ ሊንክ» ብላችሁ ጻፉ፤ ስልኩን ስትሰኩ አዲስ የመጣውን ስም ያዙ። ከዚያ «ሱዶ ዲኤችክላየንት» ብላችሁ ያንን ስም ጨምሩበት። ትዕዛዙ የለም ካላችሁ በላይቭ ፍላሽ አስነስታችሁ ቢያንስ ፋይሎቻችሁን ማውጣት ትችላላችሁ።

ለሚቀጥለው አፕግሬድ

አስፈላጊ ፋይሎቻችሁን አስቀድማችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ላይቭ ፍላሽ አዘጋጁ። አፕግሬዱን ማታ አስጀምራችሁ አትተኙ፤ «እነዚህ ፓኬጆች ይወገዳሉ» የሚለውን ዝርዝር አንብቡት፣ ኔትወርክማናጀር እዚያ ውስጥ ካለ ቆም በሉ። የቀድሞውን ከርነል አዲሱን እስክታምኑት አታጥፉት።

ፎርማት የመጨረሻ አማራጭ ነው። ጥገና ቤት መሄድ ነውር የለውም፤ ግን «ፎርማት» የሚል ቃል ስትሰሙ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ከሦስቱ የቱ ነው የተበላሸው?» መልስ ከሌለ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ውጡ። እኛ ያንን የቴሌግራም ድምፅ ባንሰማ ኖሮ ሲስተሙን በሙሉ ለአንዲት ትንሽ ሥዕል ብለን አጥፍተነው ነበር።

ላፕቶፕ ላለው ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት። የእናንተ መልስ ከላይ ካሉት ከአንዱም ጋር ካልገጠመ የዴስክቶፓችሁን ስም እና የደረጃ 2 ውጤቱን ጻፉልን፤ አብረን እናየዋለን።