የወንጀል ፍትሕ ትምህርት በአርባ ምንጭ

የወንጀል ፍትሕ ከወንጀል ምርመራ አንስቶ ክስን፣ ፍርድንና ቅጣትን፣ የታራሚውንም ወደ ኅብረተሰቡ መመለስ የሚያጠና የትምህርት ዘርፍ ነው። ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ፍርድ ቤትና ማረሚያ ቤት ዋና ተቋማቱ ናቸው። በአሜሪካ ራሱን የቻለ የመጀመሪያ ዲግሪ ሆኖ ይሰጣል። በኢትዮጵያ ግን ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ ወይም ጠበቃ መሆን የሚፈልግ ተማሪ የሚገባው ወደ ሕግ ትምህርት ቤት ነው። ለፖሊስ ሙያ ደግሞ ሰንዳፋ የሚገኘው የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ አለ።

ትምህርቱ

በጋሞ ዞን ሕግ በዲግሪ ደረጃ የሚሰጠው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ነው። ተቋሙ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ተመሠረተ፤ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ 5 ዓመት ይፈጃል፤ ለመመረቅም የመውጫ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል።

ከወንጀል ፍትሕ ጋር የተያያዙት ዋና ዋና ኮርሶች የወንጀል ሕግ፣ የወንጀል ሥነ ሥርዓት፣ የማስረጃ ሕግና ሰብዓዊ መብት ናቸው። ተማሪው ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበትን የወንጀል ሕግና የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግን ያጠናል። ለምሳሌ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት።

የጋሞ ሽምግልናና የወንጀል ሕግ

በጋሞ ሕዝብ ዘንድ ጠብና በደል በዱቡሻ ይታያል። ዱቡሻ የአገር ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሚመክሩበትና የሚያስታርቁበት ሸንጎ ነው፤ ስፍራውም በዚሁ ስም ይጠራል። ጎሜ የሚባለውን ነውር የጣሰ ሰው ጥፋቱን ካላመነና ካልታረቀ መዓት ይመጣል ተብሎ ይታመናል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች ከተገደሉ በኋላ በአርባ ምንጭ ለበቀል የወጡ ወጣቶችን ሽማግሌዎች ለምለም ሣር ይዘውና ተንበርክከው መልሰዋል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ባህላዊ ዳኝነትን የሚፈቅደው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ፣ ያውም በተከራካሪዎቹ ስምምነት ነው። እንደ ስድብና ቀላል የአካል ጉዳት ያሉ አንዳንድ ወንጀሎች በግል አቤቱታ ብቻ ስለሚያስከስሱ ዕርቅ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ሳይደርስ ሊያስቀረው ይችላል። ነፍስ ግድያ ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ ቤተሰቦች ቢታረቁም ዐቃቤ ሕግ ይከሳል። አንቀጽ 540 ለተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀምጣል። ተከሳሹ ከልቡ መጸጸቱና የተቻለውን ያህል መካሱ በአንቀጽ 82 መሠረት ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል።

በአንጻሩ የፍርድ ቤት ቅጣት ብቻውን በሁለት ቤተሰቦች መካከል ያለውን ቂም አያጠፋም። የእስራት ጊዜውን ጨርሶ ወደ ቀዬው የሚመለስ ሰው ካልታረቀ በሰላም መኖር ይከብደዋል። ስለዚህ በአካባቢው ለሚሠራ የሕግ ባለሙያ ዱቡሻን ማወቅ ከሕግ አንቀጾቹ ጋር አብሮ የሚያስፈልግ ዕውቀት ነው።