እርም የወጣበት ገበታ

ስለ ሃዋይ የማውቀው ለብዙ ዓመት ከፊልም ያገኘሁትን ብቻ ነበር፤ የአበባ ጉንጉን፣ የባሕር ዳርቻ፣ ጭፈራ። ስለ ጥንቱ ሃይማኖታቸውም ቢሆን «ሚሲዮናውያን መጡ፣ ጣዖቱን አቃጠሉ፣ አበቃ» የሚል ግምት ነበረኝ። በብዙ አገር የሆነው እንደዚያ ነውና መቼም ማን ይጠራጠራል? በኋላ ታሪኩን ረጋ ብዬ ሳነብ ነው ዘመኑ አልገጥም ያለኝ። የመጀመሪያዎቹ አሜሪካውያን ሚሲዮናውያን ሃዋይ የደረሱት በ1820 ጸደይ ነው (ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ቤተ መቅደሶቹ መፍረስ፣ ምስሎቹም መቃጠል የጀመሩት ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1819 መጨረሻ ነበር። ያፈረሱትም ሃዋያውያኑ ራሳቸው ናቸው። ነገሩ የተጀመረው ደግሞ ገበታ ላይ ነው።

ገበታው ለምን ይህን ያህል እንደከበደ ለመረዳት «ካፑ» የሚለውን ቃል ማወቅ ያስፈልጋል። የፖሊኔዥያ ሕዝቦች ቋንቋ ዝምድና ስላለው ቃሉ በቶንጋና በኒውዚላንድ «ታፑ» ይባላል። ካፒቴን ኩክ በ1777 ቶንጋ ላይ ሰምቶ የመዘገበው፣ ከዚያም በዓለም የተሰራጨው «ታቡ» ይኸው ነው። «ነውር» ብለን ልንተረጉመው እንችል ይሆናል፤ ለእኔ ግን የሚቀርበው «እርም» ነው። ነውር የሚያሳፍረው ሰው ፊት ነው። እርም ግን ማንም ባያይም እርም ነው።

ከካፑዎች ሁሉ በየቀኑ የሚኖረው የመብል ካፑ ነበር። ወንድና ሴት አንድ ላይ አይበሉም። ምግብ የሚያበስለው ወንድ ነው፤ የወንዶቹንና የሴቶቹን ለየብቻው፣ በተለያየ የመሬት ምድጃ ያበስላል። ወንዶች የሚበሉበት ቤት የአማልክቱ ምስል የሚቀመጥበትና መሥዋዕት የሚቀርብበት ስለሆነ፣ ለወንድ ምሳ መብላት ከአማልክቱ ጋር እንደ መቆረስ ነበር። ሴት እዚያ አትገባም። የአሳማ ሥጋ፣ ኮኮናት፣ አብዛኛው የሙዝ ዓይነት፣ አንዳንድ ዓሣም ለሴት እርም ነው። ምክንያቱ አለው፤ እነዚህ ምግቦች የአማልክቱ አካል ናቸው ተብሎ ይታመናል። አሳማው የሎኖ፣ ኮኮናቱ የኩ፣ ሙዙ የካናሎአ። ይህን የጣሰች ሴት ቅጣቷ ሞት ነበር። ወንድ ልጅ እስከ አምስትና ስድስት ዓመቱ ከእናቱ ጋር ይበላል፤ ከዚያ በሥርዓት ወደ ወንዶቹ ቤት ይሻገራል። ከዚያን ቀን በኋላ ከእናቱ ጋር አይቆርስም።

ካፑው ከየት መጣ ሲባል የሚነገር አፈ ታሪክ አለ። ዋኬአ የተባለው የሰማይ አባት ልጁን ተመኘ። ከሚስቱ ከፓፓ ዓይን የሚርቅበት ሰበብ ሲያጣ፣ ወንድና ሴት ተለያይተው የሚበሉበትና የሚያድሩበት ሥርዓት ወጣለት። ከልጁ የተወለደው የመጀመሪያው ልጅ ሞቶ ተወለደ። ከተቀበረበት ቦታ ጎደሬ በቀለ። ሁለተኛው ልጅ ሃሎአ የሰው ሁሉ አባት ሆነ። ስለዚህ ለሃዋይ ሰው ጎደሬ ታላቅ ወንድም ነው። ጎደሬውን ጥንት እኛም በደቡቡና በምዕራቡ አገራችን እናውቀዋለን፤ ታላቅ ወንድም ሆኖ ሳገኘው ግን ደነገጥሁ። የገረመኝ ግን ሌላው ነው፤ ሕዝቡ ራሱ በሚተርከው ተረት ውስጥ የተቀደሰው ሕግ መነሻው የአንድ ባል ማታለል ነው።

በሜይ 1819 ደሴቶቹን አንድ ያደረገው ንጉሥ ካሜሃሜሃ ካይሉዋ ላይ ሞተ። በአገሩ ልማድ ትልቅ አለቃ ሲሞት ካፑ ይላላል። በሐዘኑ ሰሞን ሴቶች የተከለከለውን ይበላሉ፤ ከወንዶችም ጋር ይቀመጣሉ። አልጋ ወራሹ ከሬሳው ርኩሰት ርቆ ይቆይና፣ ሲመለስ ካፑውን መልሶ ያጸናል። የእኛም ቋንቋ ሞትንና እርምን ማገናኘቱ እዚህ ላይ ትዝ አለኝ፤ ለሞተ ሰው ስናለቅስ «እርም አወጣን» እንላለን። በሃዋይ ግን የወጣው እርም ሳይመለስ ቀረ።

ያልመለሱት ሁለት ሴቶች ናቸው። አንዷ ከንጉሡ ሚስቶች ብርቱዋ ካአሁማኑ ናት። የሟቹን የላባ ካባ ለብሳ ወራሹን ሊሆሊሆን ተቀበለችውና፣ አገሩን አብራው እንድትገዛ የሟቹ ቃል መሆኑን ነገረችው። ሁለተኛዋ የወራሹ እናት ኬኦፑኦላኒ ነች። በዘር ሐረጓ ቅድስና ከባሏ የምትበልጥ፣ ሕዝብ በፊቷ በግንባሩ የሚደፋላት ሴት ነበረች። እሷ ትንሹን ልጇን ካዊኬአኦሊን ጠርታ አብራው በላች። ልጁ ወደ ወንዶቹ ቤት በሚሻገርበት ዕድሜ ላይ ነበር። ሊሆሊሆ አየ፤ አልከለከለም፤ ለጊዜው ግን እሱ ራሱ አልበላም።

ወጣቱ ንጉሥ ቀላል ውሳኔ አልነበረበትም። ሁለት ቀን ጀልባ ላይ ሆኖ ከአጃቢዎቹ ጋር ሩም ሲጠጣ ሰነበተ ይባላል። ከዚያ በኖቬምበር ካይሉዋ ላይ ግብዣ ተደረገ። እንደ ፈረንጅ ወግ ሁለት ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ አንዱ ለወንዶች፣ አንዱ ለሴቶች። ሊሆሊሆ እንግዶቹን የሚጎበኝ መስሎ ዞረ ዞረና ሴቶቹ መሃል ቁጭ ብሎ መብላት ጀመረ። እየበላ የነበረው እንደ ተራበ ሰው ነበር፤ መረጋጋት ግን አይታይበትም። ሕዝቡ «አይ ኖአ!» እያለ ጮኸ፤ ነፃ መብል እንደ ማለት ነው። ሰማይ አልወረደም። ንጉሡ ወዲያው ቤተ መቅደሶቹ እንዲፈርሱ አዘዘ። ሊቀ ካህናቱ ሄዋሄዋ ራሱ ደጋፊ ሆኖ ምስሎቹን በእሳት ካስያዙት አንዱ ሆነ።

ይህ ሁሉ በአንድ ምሳ የመጣ አይደለም። ከ1778 ጀምሮ የውጭ መርከቦች ይመላለሱ ነበር። ሴቶች መርከብ ላይ ወጥተው ከመርከበኞቹ ጋር አሳማውንም ሙዙንም ይበሉ ነበር፤ አማልክቱ ዝም አሉ። መርከቦቹ ያመጡት በሽታ ደግሞ ካፑን የጠበቀውንም የጣሰውንም እኩል ይጨርስ ነበር። በታሂቲ ንጉሥ ፖማሬ ቀድሞ አማልክቱን ጥሎ ነበር። የሥልጣኑም ነገር አለ፤ የመንግሥት ምክር የሚመከረው ሴት በማትገባበት ቤተ መቅደስ እስከሆነ ድረስ ካአሁማኑ ገዢ ነኝ ብትል ዋጋ የለውም።

ሁሉም ግን እሺ አላለም። የንጉሡ የአጎት ልጅ ኬኩአኦካላኒ የጦርነቱን አምላክ ምስል እንዲጠብቅ ካሜሃሜሃ አደራ የሰጠው ሰው ነበር። አደራ በላ መባልን ጠላ። በዲሴምበር ኩአሞኦ ላይ፣ በጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ዓለት መሃል፣ ሁለቱ ወገኖች በጠመንጃ ተዋጉ። ኬኩአኦካላኒ ተመትቶ ወደቀ። ከጎኑ ስትዋጋ የነበረችው ሚስቱ ማኖኖም እዚያው ሞተች።

ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ልቤ የሚቀረው ማኖኖ ዘንድ ነው። ካአሁማኑን መረዳት አይከብድም፤ የታሰረችበትን ገመድ በጠሰች። ማኖኖ ግን ከባሏ ጋር ቁጭ ብላ እንዳትበላ ለሚከለክላት ሕግ ከባሏ ጎን ሞተች። ሕጉን ወድዳ ነው? ባሏን ወድዳ ነው? ወይስ አማልክቱ ሲነኩ የአባቶቿ ስም፣ ታላቅ ወንድሟ ጎደሬው፣ ሁሉም አብሮ የሚሄድ መስሏት? እንዲህ ከሆነ ፍርሃቷ ከንቱ አልነበረም። ሚሲዮናውያኑ በደረሱ ጊዜ ያገኙት ባዶ መቅደስ ነው። ካአሁማኑ በ1825 ተጠመቀች፤ በ1830 ደግሞ ሁላ የተባለው የአባቶች ጭፈራ በአደባባይ እንዳይታይ ከለከለች። እርም የሻረችው ሴት ሌላ እርም አወጀች።

በ1823 ዊልያም ኤሊስ የተባለ እንግሊዛዊ ሚሲዮናዊ ደሴቲቱን ሲዞር ኩአሞኦ ደርሶ የድንጋይ ክምር መቃብሮቹን አይቶ መዝግቧል። ክምሮቹ ዛሬም አሉ። በዚያ የወደቁት የሞቱለትን ሥርዓት፣ አገሩ ከጥቂት ሳምንት በፊት አንድ ግብዣ ላይ በልቶ ጨርሶት ነበር።